ስም ከመቃብር በላይ፤ የምዕራብ ሸዋ አርበኞች መታሰቢያና የመሐንዲሱ ድርሻ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በአምቦ ከተማ የቀረበ ንግግር)





የዘንድሮውን ንግግር እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ አብዛኞቻችሁ ስለ መንገድ ወይም ስለ ድልድይ እንደምናገር ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ ግን ስለ ሐውልት መናገርን መርጫለሁ። ሐውልት የሠዓሊና የቀራፂ ጉዳይ ነው፤ መሐንዲስን ምን አገባው የሚል ቢኖር መልሴ አጭር ነው። ሐውልት መሠረት አለው፤ ክብደት አለው፤ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበታል፤ ዕድሜውም የሚወሰነው በተሠራበት ድንጋይና በተተከለበት አፈር ነው። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ፣ ከምንሠራቸው ሥራዎች ሁሉ አገልግሎቱ ማስታወስ ብቻ የሆነው እርሱ ነው። ድልድይ ቢፈርስ በሌላ ድልድይ ይተካል። መታሰቢያ የሚይዘው ነገር ከጠፋ ግን የሚተካው የለም።

ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው። በአምስቱ ዓመት የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ ከሆለታ እስከ አምቦ፣ ከአምቦም እስከ ጉደርና ከዚያ ወዲያ ባለው አገር ለነፃነት የተዋጉትንና የወደቁትን ሰዎች በምን ዓይነት ሥራ ልናስባቸው ይገባል? የእኛስ የባለሙያዎቹ ድርሻ ምንድን ነው?

በቅድሚያ በዚህ ምድር የሆነውን ባጭሩ ላስታውስ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት ጦር አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከዋና ከተማዋ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ገና በወገን እጅ ነበር። በሆለታ ገነት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች፣ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነት ደረሰባቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ወደ ለቀምት ዘልቀው፣ ከሌሎች የተማሩ ወጣቶች ጋር «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። መሪያቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ድርጅቱ በአሥር አንቀጽ የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ ነበረው፤ በዚህም ደንብ ገበሬውን መበደል ተከልክሏል። በዚያ የመከራ ሰዓት፣ ሠራዊት ሊበተን በተቃረበበት ጊዜ፣ ሕግ ጽፈው መዝመታቸው የሚያስደንቅ ነው።

በሰኔ 1928 ዓ.ም. እነዚሁ ወጣቶች በለቀምት አቅራቢያ ቦናያ በተባለ ሥፍራ ያረፉትን የጠላት አውሮፕላኖች በሌሊት ወርረው አቃጠሉ። ጄኔራል ቪንቼንሶ ማልዮኮና አብረውት የነበሩት መኮንኖች በዚያ ተገደሉ። ቆይቶ ጥቁር አንበሳዎች ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው፣ በ1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከብበው እጃቸውን ሰጡ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላም፣ በላይ ኃይለአብና ክፍሌ ነሲቡን የመሳሰሉት ከእነርሱ መካከል ተመርጠው ተረሸኑ።

የመደበኛው ጦርነት እንዲህ ሲያበቃ፣ የገበሬው ጦርነት ተጀመረ። በጅባትና ሜጫ፣ በደንዲ፣ በጀልዱና በግንደበረት ተራራና ደን የገባው አርበኛ ደመወዝ አልነበረውም፤ ስንቁ ከቤቱ፣ ጥይቱ ከጠላት ነበር። ከወሊሶ በኩል ገረሱ ዱኪ፣ ከጊንጪ በኩል ደግሞ ገና በ15 ዓመቱ ጫካ የገባው ጃገማ ኬሎ ስማቸው ገነነ። ጃገማን ሕዝቡ «የበጋው መብረቅ» ብሎታል፤ በኋላ ሌተና ጄኔራል ሆነው እስከ 2009 ዓ.ም. በሕይወት ቆይተዋል። የአዲስ ዓለም ምሽግ ሲነሣም የእርሳቸውና የወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ስም አብሮ ይነሣል።

እንግዲህ ስማቸውን የጠራኋቸው ሰዎች በእጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንድ አለቃ ግን ብቻውን ምሽግ አይሰብርም። ከጃገማ ጋር የዘመተው፣ ከገረሱ ጋር ያደረው፣ በሌሊት እህል ያቀበለችው፣ ቁስለኛ የሸሸገው ማን ነበር? የዚህ ንግግር ዋና ነገር በዚህ ጥያቄ ውስጥ ይገኛል።

የኢትዮጵያ ሕዝብ ጀግናውን ለማሰብ ሐውልት እስኪቆም አልጠበቀም። ፉከራና ሽለላ፣ በኦሮሞውም ዘንድ ጌራርሳ፣ የጀግናን ሥራ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሻግሩ ጥበቦች ናቸው። የፈረስ ስም ራሱ መታሰቢያ ነው፤ አባ ነፍሶ ሲባል ደጃዝማች ባልቻ፣ አባ መላ ሲባል ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በሰሚው ዓይን ፊት ይቆማሉ። ቤተ ክርስቲያንም በበኩሏ ሟቹን በክርስትና ስሙ እየጠራች ትጸልይለታለች። ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ በእኛ ባህል የመታሰቢያ ፍሬ ነገሩ ስም መሆኑን ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ብሂልም የሚነግረን ይህንኑ ነው።

ሥዕሉንም ብንመለከት የዐድዋን ጦርነት የሣሉት ባህላዊ ሠዓሊዎቻችን የታወቀ ሥርዓት አላቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ከላይ ይታያል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በጥላ ሥር፣ እቴጌይቱ በፈረስ ላይ ናቸው፤ የወገን ወታደር ሙሉ ፊቱ ሲታይ የጠላት ወታደር በጎኑ ብቻ ይሣላል። በዚህ ሥዕል ተራው ወታደር አልተረሳም፤ ጋሻውን ይዞ በረድፍ ቆሟል። ነገር ግን የሁሉም ፊት አንድ ዓይነት ነው። ሠዓሊው ብዛቱን አሳየን እንጂ ማንነቱን አልነገረንም።

ከነፃነት በኋላ በአዲስ አበባ የቆሙት መታሰቢያዎችም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። በስድስት ኪሎ የቆመው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት 28 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሲሆን፣ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች የሠሩት ነው። በዙሪያው ባሉት የነሐስ ቅርጾች የሚታዩት መሳፍንት አይደሉም፤ የሚታረደው፣ የሚለቀሰው፣ ሬሳ የሚሸከመው ተራው ሕዝብ ነው። ይህ ለአገራችን ታላቅ እመርታ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ሐውልት ላይ የሚታዩት ሰዎችም ስም የላቸውም።

የአቡነ ጴጥሮስን መታሰቢያ ደግሞ ለእኛ ለመሐንዲሶች ትምህርት ስላለበት ለይቼ አነሣዋለሁ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ በጥይት ተደብድበው ሰማዕት ሆኑ። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለከተማ ባቡር ሥራ ሲባል ከቦታው ተነሥቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆመ። በዚያ መካከል ሕዝቡ ያሳየው ሥጋት የሚዘነጋ አይደለም። ዕለት ዕለት ሲያልፍበት ቀና ብሎ የማያየው ሰው እንኳ ሐውልቱ ሲነሣ የራሱ ነገር የተነካበት ያህል ተሰማው። ከዚህ የምንማረው፣ መታሰቢያን የሚነካ የምሕንድስና ሥራ ሁሉ ከሥራው አስቀድሞ ለሕዝቡ መገለጽ እንዳለበት ነው።

ለእኚሁ ሰማዕት ከድንጋዩ ሌላ በቃል የቆመ መታሰቢያም አላቸው፤ እርሱም «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የተባለው ተውኔት ነው። ደራሲው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የዚህችው የአምቦ ልጅ ናቸው፤ የተወለዱትም ከአምቦ አጠገብ ቦዳ በተባለ ሥፍራ፣ ያው ወረራ በደረሰበት በ1928 ዓ.ም. ነው። በኦሮሞ ገበሬ አገር ተወልደው፣ የፍቼውን ጳጳስ ሰማዕትነት በአማርኛ ተውኔት ሕያው አደረጉት። እንግዲህ አምቦ ለኢትዮጵያ የአርበኝነት መታሰቢያ ከሰጠችው ሁሉ የላቀው በቃል የተሠራው መሆኑን ልብ እንበል። በድንጋይ የሚሠራው ግን ገና ይቀራታል።

አሁን ደግሞ በሌላው ወገን የተደረገውን እንመልከት። በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ በዶጋሊ ላይ የኢጣሊያን ጦር ሲደመስሱ ወደ 500 የሚጠጉ የጠላት ወታደሮች ወደቁ። ሮማ በዚያው ዓመት ከግብፅ የመጣ ጥንታዊ የድንጋይ ዓምድ አቁማ፣ የወደቁትን ወታደሮቿን ስም ጻፈችበት። ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላም ከአዲስ አበባ የዘረፈችውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በዚያው ዓምድ ሥር አኖረችው፤ ዘርዓይ ደረስም በ1930 ዓ.ም. ያንን አይቶ ሰይፉን የመዘዘው በዚያ ሥፍራ ነው። ቦናያ ላይ የሞተው ማልዮኮም አልተረሳም፤ በሲሲሊ ደሴት የሚገኘው የኮሚሶ አውሮፕላን ማረፊያ ለብዙ ዘመን በስሙ ተጠርቷል። ከዚህም የባሰው፣ በ2004 ዓ.ም. አፊሌ በተባለች የኢጣሊያ ከተማ ለራሱ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተሠርቶ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት እስከ መድረስ ያደረሰ ክርክር አስነሥቷል።

ይህንን የማነሣው ለቂም አይደለም። በአዲስ አበባ በሚገኘው የእንግሊዝና የተባባሪ አገሮች የጦር መካነ መቃብር የተቀበሩት ወታደሮች፣ ጠላትን ለማስወጣት ከእኛ ጋር የተሰለፉ ናቸው። በዚያ የሚከበረው ሥርዓት ለመኮንኑና ለተራው ወታደር አንድ ዓይነት ድንጋይ ማቆም ነው፤ ማንነቱ ለታወቀው ሁሉ ስሙ በድንጋዩ ላይ ተጽፏል። በአሜሪካ ዋና ከተማ በ1975 ዓ.ም. የተመረቀው የቬትናም ጦርነት መታሰቢያም ጥቁር የድንጋይ ግንብ ነው፤ ከ58,000 በላይ ስም ተቀርጾበታል፤ ንድፉን ያወጣችው ማያ ሊን በዚያን ጊዜ ገና የ21 ዓመት ተማሪ ነበረች። ፈረስም፣ ጎራዴም፣ አክሊልም የለበትም። ሰዎች ግን እየመጡ ስሙን በጣታቸው ይዳስሱታል። እንግዲህ ወራሪው ሟቹን በስሙ ሲያስብ፣ አጋሩም በስሙ ሲያስብ፣ አገሩን የተከላከለው ገበሬ ብቻ «ያልታወቀው አርበኛ» ተብሎ ቢቀር ፍርዱ የተገላቢጦሽ ነው።

በተለይም «ያልታወቀ» የሚለው ቃል በእኛ አገር እውነት አይደለም። ጊንጪ አካባቢ በመንገድ ጥገና ሥራ ላይ በነበርሁበት ጊዜ፣ የውኃ መውረጃ ቦይ የምናሳልፍበትን መስመር ሊያሳዩን የመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። ከማሳቸው ዳር ቆመው፣ በአባታቸው ዘመን ከዚያ መንደር ወጥተው ያልተመለሱትን ሰዎች ከነአባታቸው ስም፣ አንዳንዱንም በፈረስ ስሙ፣ አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ፤ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። «ልጄ፣ ለእኔ የነገረኝ አባቴ ነው፤ የእኔ ልጆች ግን ከተማ ናቸው» አሉኝ። ከዚህ በላይ አልተናገሩም። እኔም የመስመሩን ልክ በምጽፍበት ደብተር ጀርባ ስሞቹን ጻፍኋቸው። እንዲህ ያለ አዛውንት በየቀበሌው አለ፤ ነገ ግን አይኖርም። ጦርነቱን በዓይናቸው ያዩት አልፈዋል ማለት ይቻላል፤ አሁን በእጃችን የቀሩት ከአባቶቻቸው የሰሙት ናቸው። እነርሱም ካለፉ በኋላ የትኛውም ቀራፂ፣ የትኛውም ገንዘብ ስሞቹን አያመጣቸውም።

ውድ ባልደረቦቼ፤

በየከተሞቻችን አደባባይ እየቆሙ ያሉትን መታሰቢያዎች በሙያ ዓይን እንያቸው። ከተማና ባለቤት ሳልጠቅስ ያየሁትን ልናገር። አንዳንዱ በሽቦና በሲሚንቶ ተለስኖ ወርቃማ ቀለም የተቀባ ነው፤ ሌላው ከፋይበርግላስ የተሠራ ነው። በምርቃቱ ቀን ያምራል። በሁለተኛው ክረምት ቀለሙ ይላጣል፤ በአራተኛው ዓመት ስንጥቁ ይታያል፤ ከዚያም ፌሮው ዝጎ አርማታውን ይፈነቅለዋል። የተመረቀበትን ቀንና ያስመረቀውን ባለሥልጣን የሚገልጽ የእብነ በረድ ሰሌዳ አለው፤ ስለ ማን እንደቆመ ግን የሚናገር ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የለውም፤ ቢኖርም «ለጀግኖቻችን» ከማለት አያልፍም።

የጥፋቱ ምክንያት የታወቀ ነው። አንደኛው አፈሩ ነው። ከሆለታ እስከ ጊንጪ፣ ወደ በቾ ሜዳም የተዘረጋው መሬት አብዛኛው መረሬ ነው። መረሬ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። በዚህ አፈር ላይ ጥልቀት የሌለው መሠረት ያቆመ ሰው ሐውልቱን በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ከሚል መድረክ ላይ አቆመው ማለት ነው። መፍትሔው ከባድ ምርምር አይሻም። መረሬውን እስከ ጠንካራው አፈር ድረስ ቆፍሮ ማውጣት፣ በተመረጠ አፈር እየጠቀጠቁ መሙላት፣ በዙሪያውም የዝናቡን ውኃ የሚያርቅ ቦይ መሥራት ነው። ይህን ለመኖሪያ ቤት እናደርገዋለን፤ ለሐውልት ግን «ትንሽ ነገር ነው» እያልን እንተወዋለን።

ሁለተኛው አርማታው ነው። በዝናብ ላይ የሚቆም አርማታ ውስጥ ያለው ፌሮ ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ሽፋን ያስፈልገዋል። ቀጭን እጅና ቀጭን ጎራዴ በአርማታ ሲሠራ ይህ ሽፋን አይገኝም። ስለዚህም ስስ የሆነውን ቅርጽ በነሐስ መሥራት፣ ነሐስ ካልተቻለ ደግሞ ቅርጹን ማቅለል ይሻላል። ቀላል ቅርጽ ያለው፣ በደንብ የተጠረበ ድንጋይ ከተሰነጣጠቀ ፈረሰኛ ይልቅ ክብር አለው።

ሦስተኛው ድንጋዩ ነው፤ በዚህ ረገድ አምቦ ዕድለኛ ናት። በሰንቀሌና በአካባቢው የሚወጣው፣ በግንበኞች ዘንድ «የአምቦ ድንጋይ» የሚባለው የአሸዋ ድንጋይ የስንቱን የአዲስ አበባ ቤትና አጥር አስጊጧል። ቀለሙ ያማረ፣ ለመጥረብም የተመቸ ነው። ጠባዩን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። በንብርብር የተፈጠረ ስለሆነ፣ በተፈጥሮ እንደተኛበት አድርጎ መገንባት እንጂ ንብርብሩን አቁሞ መለጠፍ አይገባም። ከመሬት የሚወጣ እርጥበት ከነጨው ሲገባበት ፊቱ ይላጣል። ስለዚህ የግንቡ አካል በአምቦ ድንጋይ፣ ከመሬት የሚገናኘው እግሩና ስም የሚቀረጽበት ገጹ ደግሞ በጥቁር ባዛልት ድንጋይ ቢሠራ፣ ሁለቱም በየጠባያቸው ያገለግላሉ። ፊደሉ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ዘልቆ ቢቀረጽ ያለ ቀለም ለብዙ ትውልድ ይነበባል። ከሮማ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት፣ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን መጥቶ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ሲቆም እንዳየነው፣ በሚገባ የተመረጠና የተጠረበ ድንጋይ ዘመንንም ዘራፊንም ያሳልፋል።

እንግዲህ ሐሳቤን በግልጽ ላቅርብ። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ፣ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር፣ ከሰው ቁመት የማይበልጥ የስም ግንብ ይቁም። በየግንቡ ላይ ከዚያ ወረዳ ወጥተው የተዋጉና የወደቁ ሰዎች ስም ከነአባታቸው፣ የሚታወቅ ከሆነም ከነፈረስ ስማቸው ይቀረጽ። ማዕረግ አይጻፍ፤ ፊታውራሪውና ጋሻ ጃግሬው በፊደል ተራ ይቀመጡ። ሴቶቹ ከወንዶቹ ጋር እኩል ይቆጠሩ፤ ስንቅ ያቀበለችና መልእክት ያመላለሰች ሴት ተዋግታለች። መግቢያው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይጻፍ። በግንቡ ላይ ገና ያልተጻፈበት ገጽ ይተው፤ ዘግይቶ የሚገኝ ስም አለና።

አንዳንድ ሰው ይህ መንገድ ራሱ የጣሊያን ሥራ ነው ሲል እሰማለሁ። የምንጠራቸው የሙያ ቃላት እንኳ፣ ፌሮና አርማታ፣ ከእርሱ ቋንቋ የመጡ ናቸው ይላል። እውነት ነው። ነገር ግን ያ መንገድ የተቀየሰው ለገበሬው እህል ሳይሆን ለመድፍና ለጭነት መኪና ነበር። ዛሬ በእርሱ ላይ ጤፍና ስንዴ የምናመላልስበት፣ ገበሬው በዳሩ ተዋግቶ ስላስለቀቀው ነው። የስሞቹ ቦታም ከመንገዱ ዳር እንዲሆን የምጠይቀው ስለዚሁ ነው፤ ተጓዡ የረገጠው መሬት በምን እንደተመለሰ ይወቅ።

በዚህ ሥራ ላይ የሚነሣውን ዋናውን ችግር ደግሞ አልሸሽግም። በእነዚያ ዓመታት ሁሉም ሰው አርበኛ አልነበረም። ባንዳ የሆነ ነበር፤ ቀን ለጠላት አድሮ ሌሊት ለአርበኛው ጥይት ያቀበለም ነበር፤ ጠላትን አገልግሎ በኋላ ከነመሣሪያው ወደ ወገን የገባም ነበር። የእነዚህ ሁሉ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ በአንድ ዕድር ይኖራሉ፤ በአንድ ሰንበቴ ይጠጣሉ። የስም ዝርዝር ሲወጣ «የእገሌ አባት ለምን ተጻፈ? የእኔ አባት ለምን ቀረ?» የሚል ጠብ ሊነሣ ይችላል። ለዚህም ይመስለኛል ሹሞቻችን ስም ከመጻፍ ይልቅ ጋሻና ጦር የያዘ ስም የለሽ ምስል ማቆምን የሚመርጡት፤ ስም የለሽ ምስል ማንንም አያስቀይምምና።

ይህ ፍርሃት ምክንያት የለውም አልልም። ነገር ግን ጠብን ፈርቶ እውነትን መተው ለሞቱት ዋጋ አይከፍልም። የሚያስፈልገው ሥርዓት ነው። ስሙ የሚመዘገበው ዝምድና በሌላቸው ቢያንስ በሁለት ምስክሮች ቃል ይሁን። ዝርዝሩ ከመቀረጹ በፊት ለአንድ ዓመት በቤተ ክርስቲያንና በቀበሌ ደጃፍ ይለጠፍ፤ ተቃውሞ ያለው ይናገር። በወደቁት እንጀምር፤ የወደቀ ሰው ተከራካሪው ጥቂት ነው። የባንዳን ስም ለማዋረድ የሚጻፍ ነገር አይኑር፤ ግንቡ የምስጋና እንጂ የክስ መዝገብ አይደለም። ሥራውንም ለአንድ ወገን ብቻ አንተወው። የጀግኖች አርበኞች ማኅበር፣ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ የየወረዳው ሽማግሌዎችና ካህናት አብረው ይያዙት።

ወጪውን በሚመለከት፣ በአንድ አደባባይ ለአንድ ፈረሰኛ የሚወጣው ገንዘብ ስንት የስም ግንብ እንደሚሠራ በመካከላችን የማያውቅ የለም። ድንጋዩ ከአገሩ ነው፤ ጠራቢውም ከአገሩ ነው። የጎደለው ንድፍ፣ የአፈር ምርመራና ቁጥጥር ነው፤ እርሱም በእኛ እጅ ያለ ነገር ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲወስን በአክብሮት እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በእነዚህ አምስት ከተሞች ለሚሠሩ የስም ግንቦች የአፈር ምርመራውን፣ ንድፉንና የሥራ ቁጥጥሩን አባላቱ ያለ ክፍያ እንዲያደርጉ። ሁለተኛ፣ የቆሙትን መታሰቢያዎች በየዓመቱ፣ ከሚያዝያ 27 የድል በዓል አንድ ወር አስቀድሞ እየመረመርን የጥገና ማስታወሻ ለየማዘጋጃ ቤቱ እንድንሰጥ። ሦስተኛውና የማይዘገየው፣ ለመንገድም ሆነ ለውኃ ሥራ ወደ ገጠር የሚወጣ እያንዳንዱ አባል፣ የመስክ ደብተሩን የመጨረሻ ገጾች ለስም እንዲተው። የአገሬውን ሽማግሌ ስለ ጎርፉና ስለ ምንጩ ስንጠይቅ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ እንጨምር፤ «ከዚህ መንደር ወጥቶ ያልተመለሰ ማን ነበር?» እንበል። መልሱን ከነተናጋሪው ስምና ከነቀኑ ጽፈን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እናስረክብ።

ግንቡ በአምስት ዓመት ሊቆም ይችላል፤ በአሥር ዓመትም ቢቆም ድንጋዩ አይከፋውም። ስሞቹ ግን አይጠብቁንም። መሠረት ቆፋሪ ከግንበኛ እንደሚቀድም ሁሉ፣ የዚህ ሥራ መሠረት ዝርዝሩ ነው፤ እርሱንም ከዛሬ ጀምሮ ልንቆፍረው እንችላለን።